በዘብዴ ለቅሶ ሲጨፈር

ባለፈው ቅዳሜ ወላይታ ሶዶ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀልኩት። ሙሽሮቹ አዳራሹ መሀል እንደቆሙ ቀሩ። ዲጄው ልጅ "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" ሲለኝ ገመዱን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። የከፈተው ዘፈን የዘብዴ ነው። ቤዝ ጊታሩን የተጫወትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዘብዴ፣ ሙሉ ስሙ ዘብዴዎስ፣ የሙዚቃ ቡድናችን መሪ ድምፃዊ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። የደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ጥሎት የሄደውን ጊታርና ድራም እየጠጋገንን ሮክ እንጫወታለን። ሶዶ ላይ ሮክ! ሰው ይስቅብን ነበር። ዘብዴ አፉን ሲከፍት ግን የሚስቀው ሁሉ ጸጥ ይላል። ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ካልበላ ድምፁ አይወጣለትም ነበር፤ ሲወጣም እያቃጠለው የሚወጣ ይመስላል።

እናቱ በክረምት ሞተች። ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ተበላ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለነበር ከመኪና ወርደን በእግራችን ገባን። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ተቀምጦ ብቻ አይለቀስም፤ ሜዳ ላይ በሰልፍ ወዲያና ወዲህ እየተሮጠ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ሟች በስሟ እየተጠራች ነው። ዘብዴ ያንን ሩጫ ወደ ጊታር አመጣው። እናቱን በወላይትኛ እየጠራ የሚጮኽበት ዘፈን ሆነ።

ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የበዓል ፕሮግራም የሚቀርጹ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። አዘጋጁ ዘፈኑን ሲሰማ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

"ይሄ ነው የምፈልገው! ልጃገረዶቹ ይጨፍሩበት!"

"ጋሼ፣ ለቅሶ ነው" አለ ዘብዴ። "እናቴን ነው የማለቅሳት። ቆሜ ልዝፈነው፤ ማንም አይጨፍርበት።"

አዘጋጁ እሺ አለ። ዘብዴ ደስ አለው፤ እናቱን አገር ሁሉ እንዲያለቅስለት ነበር የሚፈልገው።

በበዓሉ ቀን ሻይ ቤት ተሰብስበን ፕሮግራሙን በቴሌቪዥን አየን። ዘብዴ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ ልጃገረዶች ወገባቸውን እያወዛወዙ ይስቃሉ። በሌላ ዘፈን የጨፈሩትን ነው የለጠፉበት።

አዘጋጁስ አገሩን አያውቅም እንበል። በቀረጻው ጊዜ አብሮት የተቀመጠው የባህል ቢሮ ኃላፊ ግን የእኛው ሰው ነው፤ የገዛ እናቱን በዚያው ሩጫ ነው የቀበረው። ቢሮው ገብቼ ስጮኽበት፣ "አንተ ደግሞ! ወላይታ በቴሌቪዥን ታየ፤ አይበቃህም?" አለኝ። ስብሰባ ላይ የብሔር ብሔረሰቦች መብት እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚለፈልፈው ይኸው ሰውዬ ነው! ያን ቀን በጥፊ ስላላጮልኩት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተበላ ዘመዶቹ "በእናትህ ሬሳ ላይ ነው የምታስጨፍረው?" ብለው በር ዘጉበት። ከሌላው አገር ደግሞ የሠርግ ጥሪ ጎረፈለት፤ ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ዘፈን ነው። ሌላ ሊዘፍንላቸው ሞከረ፣ አልሰሙትም። "ኢሻ፣ ወንድሜ፣ በቃኝ" አለኝና ማይኩን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቸርች ውስጥ እንኳ ሲዘምር አልሰማሁትም።

አምና ሞተ። ሜዳው ላይ ተሰልፈን ያንን ዜማ አነሳሁለት፤ በዚያ ካልተለቀሰለት በምን ሊለቀስለት ነው? ወጣቶቹ ግን ዜማውን ለዩትና ፊታቸው ፈካ። አንዷ ወገቧን ማወዛወዝ ስትጀምር እናቷ ክንዷን ያዘቻት። እኔም ዜማውን አቋረጥኩት፤ ሩጫውም ቆመ።

አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ሠርግ አበላሸህ ብሎ አኩርፎኛል። ያኩርፍ! ልጆቹን አልወቅሳቸውም፤ ዘፈኑን ያገኙት እንደዚያ ሆኖ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች፣ አዘጋጁንና ኃላፊውን፣ ግን ይቅር አልላቸውም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨፈረውን ሰው እኛ ያለ ዜማ ነው የቀበርነው።