ጎታችን ያስነጠሰ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄጄ፣ ያረፍኩበት ሆቴል በር ላይ የእህል ጎታ አቁመው አየሁ። ለጌጥ ነው አሉ። ዙሪያውን ቫርኒሽ ቀብተውታል፤ አፉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። ወይ ጉድ፣ ጎታ ላይ አበባ! አላስችል አለኝና አበባውን ገለል አድርጌ ጭንቅላቴን እስከ አንገቴ ከተትኩት። ያ ሁሉ ቀለም ተቀብቶም ሽታው አልጠፋም፤ ጭቃ፣ ጭድ፣ የከረመ ገብስ። ጥበቃው መጣና "እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" አለኝ። ለእሱ ምን ብዬ ላስረዳው? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ባደግኩባት በአርብ ገበያ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ነው። የታሪክ መምህራችን አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጣ አሉና፣ ናዚዎች በአውሮፓ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አይሁዶችን ከየቤታቸው እየለቀሙ እንዴት እንደፈጇቸው አስተማሩን። ሆሎኮስት ይባላል አሉ። ከኋላ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ጎረቤት አልነበራቸውም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀመጡና "ነበራቸው። አንዳንዱ ደበቃቸው፤ ብዙው በሩን ዘጋ" አሉ።

ከዚያ ፕሮጀክት ሰጡን። ጎረቤታችሁ ነፍሱን ሊያድን ሸሽቶ ቢመጣ፣ ቤታችሁ ውስጥ የት ትደብቁታላችሁ? ቦታውን ሥላችሁ አምጡ፤ የወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንዱ ቆጥ ላይ አለ፣ ሌላው አልጋ ሥር አለ። እኔ ደግሞ መበለጥ የሚባል ነገር አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። "ጎታ ውስጥ!" ብዬ ጮህኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነበረች። በከተማዋ ከነበሩት ጥቂት የሙስሊም ቤተሰቦች አንዱ የእነሱ ነው። አንድ እርሳስ ለሁለት እየቆረጥን ነው ያደግነው። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ግን ወሬዋ ሁሉ ጠፋ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"እናትሽ ግን ይደብቁኛል?"

"ታዲያስ! ምን ጥያቄ አለው!"

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። እናቴ ሃይማኖቷን አጥባቂ ናት፤ ከእነሱ ቤት ስመለስ ሥጋ ቀምሼ እንደሆን አፌን ታሸተኝ ነበር። ጎታዋን ደግሞ እንኳን ሰው ሊገባበት ዶሮ ሲጠጋው አትወድም። እኔን አርግዛ ሳለች በገዛ እጇ ያቆመችው ነው፤ አንዱ ዙር ሲደርቅላት ሌላውን እየደረበች፣ እየለሰነች። ጓደኛዬም መልሴ ያላሳመናት መሰለኝ። "ደግሞስ የት እገባበታለሁ፣ አፉ ጠባብ ነው" አለች። እኔን እልህ ማስያዝ! "ትገቢያለሽ፤ ነይ አሁኑኑ እንሞክረው!"

አርብ ነበርና እናቴ ገበያ ውላለች። ግንቦት ስለሆነ ገብሱ ወደ ታች ወርዷል። ጓደኛዬን በርጩማ ላይ አቁሜ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አስነሥቼ፣ ትከሻዋን ገፋ ገፋ ሳደርገው ሸርተት ብላ ገባች። ውስጥ ሆና ስትስቅ ጎታው አብሯት ጉም ጉም ይላል። በበሩ በገባችው ፀሐይ የገብሱ ብናኝ ሲጨፍር እስካሁን ይታየኛል። "አየሽ! አሁን ማን ያገኝሻል?" እያልኩ ዙሪያውን ዘለልኩ።

መውጣት ግን እምቢ አለ። ስስባት ትከሻዋ የጎታው አፍ ላይ ይያዛል። እግሯ ገብሱ ውስጥ ይሰምጣል፤ ተመርኩዛ የምትነሣበት ነገር የለም። መጀመሪያ በሳቅ ፈረስን። ቀጥሎ አቧራው ሳል አስያዛት። ረመዳን ነበርና ጾመኛ ናት፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። "በቃ እዚሁ መቅረቴ ነው! ወላሂ እዚሁ መቅረቴ ነው!" እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኔም ምን ላድርግ፣ ጎታውን ከውጭ አቅፌ አብሬያት አለቀስኩ።

ይሄኔ እናቴ ከገበያ ገባች። ዘንቢሏን ገና ሳታስቀምጥ ጎታው አስነጠሰ።

"በስመ አብ ወወልድ!" ዘንቢሏን ለቀቀችው። ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለ ጎታው በቀጭን ድምፅ።

እኔ በአንድ ትንፋሽ ዘከዘክሁት፤ ናዚውን፣ አይሁዱን፣ መምህሩን፣ ፕሮጀክቱን። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝ።

"የት አገር ነው ይሄ የሆነው?"

"አውሮፓ።"

"እና አውሮፓ ለሆነው ነገር የኔ ጎታ ምን አደረገ?"

እሷም ሳበቻት፤ አልሆነም። ጓደኛዬ ሳሉ በረታባትና መናገር አቃታት። እናቴ ብድግ ብላ ወጣች። ልምጭ ልትቆርጥ ነው ብዬ ጀርባዬን አዘጋጀሁ። የተመለሰችው ግን መጥረቢያ ይዛ ነው። የጎታውን ሆድ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የጎታው ነገር ከልጅቷ እኩል አሳዘነኝ።

"ፊትሽን በሻሽሽ ሸፍኚና ወደ ግድግዳው ዙሪ፣ ልጄ" አለቻት።

በመጥረቢያው ጀርባ ደጋግማ መታችው። ጎታው ተሰነጠቀ፤ ገብሱ እየተንሿሿ ወለሉን ሞላው፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ድግስ እንደተጠራ ግር ብሎ ገባ። ጓደኛዬ ወፍጮ ቤት ያደረች መስላ ከፍርስራሹ ወጣች። እናቴ አቧራዋን አራገፈችላት፣ ፊቷን አጠበችላት። አዛኑ ከታች ሰፈር ሲሰማ በራሷ ዋንጫ ውሃ ቀድታ "በይ፣ ጾምሽን ፍቺ" አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከአንቺ ጋር በኋላ እንገናኛለን።" ተገናኘንም፤ ጭኔ ያውቀዋል።

ሰኞ የተሰባበረ ጎታ ሥዬ ሄድኩ። መምህሩ ታሪኩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሥዕሌም ተሰቀለ፤ ከቆጡም ከአልጋውም በላይ።

ዛሬ ጓደኛዬ ወረታ ከተማ ነው ያለችው፤ ወልዳለች፣ ሱቅ ከፍታለች። ስልክ ስንደዋወል "እማማ ደኅና ናቸው?" ሳትል አትዘጋም። ከተያየን ግን ዓመታት አለፉ። ትናፍቀኛለች።

ወደዚያው ልመለስና፣ የጎታውን መፍረስ የሰሙት የጓደኛዬ እናት በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት መጡ። ክረምት ሳይገባ ሌላ መቆም አለበት ብለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ጨርቅ እንጂ ጭቃ የማያውቁ ሴት! ተንሸራትተው በቂጣቸው ሲቀመጡ እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። እኛ ውሃ እንቀዳለን፣ ጭድ እናመጣለን፣ ከሥራው ጨዋታው ይበዛል። ጎታውም ዙር በዙር እየደረቀ ቁመቱ ጨመረ።

የአፉ ተራ የደረሰ ዕለት እናቴ ሥራዋን አቆመችና ጓደኛዬን "ነይ እስቲ ወዲህ" አለቻት። አንድ ሰንበሌጥ መዘዘችና ከትከሻ እስከ ትከሻዋ ለካቻት። ሰንበሌጡን ጎታው ላይ አጋድማ ትንሽ አየችው። ከዚያ በጭቃማ እጇ አንድ ስንዝር ጨመረችበት።

"ኧረ ይሄማ በጣም ሰፋ! እህሉን አይጥ ይጨርስብሻል" አሉ የጓደኛዬ እናት።

እናቴ ከጭቃው ቀና አላለችም።

"ልጅቷ ታድጋለች እኮ" አለች።