አሥራ ሁለት ስድስት ጎራሾች

ሰረቀ አሮጌ ሽጉጥ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያሠራው ዓይኑን ሳይሆን ጥፍሩን ነው። የአውራ ጣቱን ጥፍር በብረቱ ላይ ቀስ አድርጎ ይነዳዋል። ጥፍሩ ምንም ሳያጋጥመው ካለፈ ፊቱ ይፈታል፤ ጎድጎድ ያለ ነገር ካገኘ ግን ግንባሩን ይቋጥራል። ሞረድ የበላው ብረት ከዓይን ቢሰወር ከጥፍር አይሰወርም ባይ ነው። ይህን የተማረው በወጣትነቱ አስመራ፣ በፖሊስ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሥራው ከሁለት ሙት ሽጉጥ አንድ ሕያው ማውጣት ነበር። የአንዱን አፈሙዝ ከሌላው አካል ጋር ሲያጋባ የኖረ ሰው፣ ሌላ ሰው ያጋባውንም ገና ሲያየው ይለየዋል። እባብ ለእባብ ይተያያል፣ ካብ ለካብ።

በአሜሪካዋ ዴንቨር ግን ለዚህ ሙያ ፈላጊ አልነበረም። ሰረቀ ከአየር ማረፊያው ፓርኪንግ ተጓዦችን የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር ከልጁ ከወጋሕታ ጋር ይኖራል። ሙያውን የሚያወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር፣ ወዳጁ ደምሰው ቤት ነው።

ደምሰው የደሴ ልጅ ነው። ሃቫና ስትሪት ላይ ጎማ ይሸጣል፤ ጎማ ሲሸጥ ያገኘውን ደግሞ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ይገዛበታል። ባለቤቱ ስንዱ «የሰው ባል መሬት ይገዛል፣ የኔው ዝገት ይገዛል» ትላለች። እሱ ግን ዝገት አይወድም። የሚወደው የመቶ ዓመት ዕድሜ እያለው ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ፣ የማንም እጅ ያልገባበት ነገር ነው። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ሥራውን ሰባት ጊዜ፣ ቤቱን ከዚያም በላይ ለቀያየረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በእጁ መያዝ ዕረፍት ይሰጠዋል። አንድም ሽጉጥ ሰረቀን ሳያስፈትሽ ገዝቶ አያውቅም። «ኦሪጅናል ነው?» ይለዋል። ሰረቀ «አይደለም» ካለ አይገዛም፣ ሁለተኛም አይጠይቅም። አሥራ አንዱን የሰበሰበው እንዲህ ነው።

አሥራ ሁለተኛውን ብቻውን ገዛው። በ2004 ሰረቀ የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ ሆስፒታል በገባበት ሳምንት ነው።

ሰረቀ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ለደምሰው ልጅ ለፋና ሽማግሌ ተላከ፤ ሰረቀም ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ነገሩ በመልካም አልቆ፣ ምሳ ተበልቶ ሁሉም ዘና ባለበት ሰዓት ደምሰው ከጓዳ በከፋይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ኒኬል የተቀባ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ስድስት ጎራሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ አደነቁ። የሙሽራው አጎት አቶ ሀብተጊዮርጊስ «ይህን ያህል ዘመን እንዲህ አማረበት? ታድሶ ይሆናል እንጂ!» አሉ።

ደምሰው ሳቀ። «ለዚህ ባለሙያው አለ፣ ጋሼ። ሰረቀ፣ እስኪ ንገራቸው!»

ሰረቀ ሽጉጡን ተቀበለ። ጥፍሩን ማሠራት እንኳ አላስፈለገውም። የፋብሪካው ሰዎች አካሉን ኒኬል ሲቀቡ ምላጩንና ከኋላ ጥይቱን የሚመታውን ቃታ ሳይቀቡ ነበር የሚተዉት፤ ይኸኛው ግን ምላጩም ቃታውም ያብለጨልጫል። ሳያውቅ ሙሉውን ኒኬል መንከሪያ ውስጥ የዘፈቀው ሰው አለ ማለት ነው። ገለበጠው። ቁጥሩ ሦስት ቦታ መመታት አለበት፦ እጀታው ሥር፣ ጥይት በሚጎርሰው ሲሊንደር ጀርባ፣ አፈሙዙ ሆድ ላይ። ሦስቱም ቦታ ቁጥር አለ፣ ሦስቱም አንድ ነው። የአፈሙዙ ቁጥር ግን በሌላ ማኅተም፣ ሞረድ በበላው ብረት ላይ የተመታ ነው። አፈሙዙ የሌላ ሽጉጥ ነበር።

ቀና ሲል ስድስት ሽማግሌዎች፣ ስንዱ ከጓዳው በር፣ ደምሰው ደግሞ አገጩን ወደ ላይ አድርጎ ያዩታል። ሴት ልጁን በሚድርበት ቀን፣ በአማቾቹ ፊት፣ ተታልለሃል ይበለው? እንዴት ተደርጎ!

«ማንም አልነካውም» አለ ሰረቀ። «እንደተሠራ ነው።»

ማታውኑ ጸጸተው። ነገ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ሲሆን ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ ሲደርስ ሽጉጡ መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሳሎኑ መሃል ተሰቅሎ አገኘው። በመጣ እንግዳ ቁጥር ደምሰው «ሰረቀ ራሱ አይቶታል» ሲል ይሰማል፤ በሰማ ቁጥርም ለመናገር ይበልጥ ይከብደዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በ2006 ጸደይ የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ክበብ ደምሰውን ለዓመታዊው ትርዒት ጠራው። ከሐበሻ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበርና ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጠም። አሥራ ሁለቱንም ሊደረድር፣ ያንን ኒኬል ቅብ ደግሞ መሃል ሊያስቀምጥ አሰበ። «ምንም ያልተለወጠ» የሚል ካርድ በእንግሊዝኛ አሳተመለት። ካርዱን ለሰረቀም አሳየው። የክበቡ ሰዎች አጉሊ መነጽር ይዘው የሚመጡ፣ ሽጉጥ ፈትተው የሚያዩ ናቸው። በሽማግሌ ፊት ያዳነውን ሰው በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሊያዋርደው ነው።

ማክሰኞ ሺፍቱን አስለውጦ ሃቫና ስትሪት ሄደ። ደምሰው በማሽን ጎማ ያመጣጥናል።

«ያ ኒኬሉ ኦሪጅናል አይደለም» አለው ገና ቆሞ። «አፈሙዙ የተቀየረ ነው። ቁጥሩ ተሞርዶ እንደገና የተመታ ነው።»

ደምሰው ማሽኑን አጠፋ። «መቼ አወቅህ?»

«የዚያን ቀን። ሽማግሌዎቹ ፊት። ላሳፍርህ አልፈለግኩም።»

ደምሰው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ይቆጣል ብሎ ነበር ሰረቀ፤ ቁጣውን ለመቻልም ተዘጋጅቶ መጥቷል።

«ሌሎቹስ?» አለ ደምሰው።

«የትኞቹ?»

«አሥራ አንዱ። በየትኞቹ ነው ላታሳፍረኝ የፈለግከው?»

ሰረቀ ይህን አላሰበውም። በመንገዱ ሁሉ ስለ አንዱ ሽጉጥ ብቻ ነበር የሚያወጣው የሚያወርደው። «አሥራ አንዱ እውነት ናቸው፤ ልጄን ይንሳኝ» አለ። የገዛ ድምፁ ግን ያንን የሽማግሌዎቹን ቀን ድምፁን መሰለው፤ ያኔም እንዲሁ ሳይደናቀፍ ነበር የተናገረው።

ደምሰው ለክበቡ ደወለ። ሐሙስ ዕለት ሃርላን የሚባሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቀርጹ ኖረው ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ፓርክ ሂል መጡ። ስንዱ ሻይ አቀረበች። ሰረቀም ነበረ፤ ማንም ና አላለውም፣ ማንም አትምጣም አላለውም። ሃርላን ሽጉጦቹን አንድ በአንድ ሲፈቱ እሱ መብራት ያዘላቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሰረቀ አሥራ አንዱን እንደ መዳፉ ነው የሚያውቃቸው፤ ሆኖም አንዱ በተፈታ ቁጥር መብራቱን አስጠግቶ እሱም ያይ ነበር።

በመጨረሻ ሃርላን መነጽራቸውን አወለቁ። ኒኬል ቅቡን ወደ ጎን ገፋ አድርገው «ይሄን ሌላ ሰው ነው የመረጠልህ» አሉ። «አሥራ አንዱን የመረጠልህ ሰው ግን ዓይን አለው። አንድም አልሳተም።»

ደምሰው አመሰገናቸው። ሽጉጦቹን እየጠረገ በየጨርቃቸው ጠቀለለ። ሃርላን ከሄዱ በኋላ ሰረቀ ኮፍያውን አነሣ። ዝም ብሎ ቢወጣ ይሻለው ነበር፤ አልቻለም።

«እንግዲህ አመንከኝ?»

«ሽጉጦቹንማ አመንኳቸው» አለ ደምሰው።

ክፋት አልነበረበትም አነጋገሩ። እንዲያውም ተነሥቶ በሩን ከፈተለት፣ ደረጃውን አብሮት ወረደ፣ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘው፣ እስኪነሣም ቆሞ ጠበቀ። ሰረቀ በዚያ ቤት እንደ ቤተኛ ሲገባና ሲወጣ ማንም እንደ እንግዳ ሸኝቶት አያውቅም ነበር።