አቶ ግርማ ዕድሜ የለመኑለት ውሻ

ትናንት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ኮረሪማ ስፈለፍል የቀበሌው መኪና በሞንታርቦ እየጮኸ በበራችን አለፈ። "ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች በሙሉ" ይላል፤ ቀጥሎ መንገዱ መኪናውን ያንገጫግጨውና ድምፁ ይቆራረጣል። በመጨረሻ "አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል" የሚለው ብቻ ጥርት ብሎ ተሰማ። በዕድሜዬ ካየሁት፣ ከማስታወቂያ መሀል ሌላው ሁሉ ቢጠፋ "እርምጃ ይወሰዳል" የምትለዋ ጠፍታ አታውቅም። ጎረቤት ጠይቄ ነው ስለ አደገኛ ውሾች ነገ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ መኖሩን ያወቅሁት።

አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ከጓዳ ብቅ አለችና "አክስቴ፣ ሊገድሏቸው ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ከዚህ በፊትም ሞክረውታል" አልኳት።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እኔ ነበርኩ።"

የምፎክር መስሏት ሳቀች። እውነቷን ነው፣ እየፎከርኩ ነበር። ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የረታበት ነገር ካለው ቢፎክርበት ምን ነውር አለው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ እናቴን በንግድ በማግዝበት ጊዜ ነው። ያኔ አስፋልቱ አልመጣም። ከጅማ የሚነሣው አውቶቡስ ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ተሳፋሪው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በጭቃው ይመጣል። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ወር አይመርጥም፤ ሌላው አገር በጋ የሚለውን እኛ ዝናቡ ቀነስ የሚልበት ወቅት እንለዋለን። አባቴ ከመሀል አገር ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ንግዱን እናቴ ያዘችው። ከማንኪራና ከአካባቢው ገበሬዎች ማርና ኮረሪማ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ ትጭናለች። የማር ወቅት ሲደርስ ጓዳችን በበርሜል ይሞላል፤ ልብሳችን፣ አንሶላችን፣ የምንበላው ቆጮ ሳይቀር ማር ማር ይሸት ነበር።

አባቴ በሞተ ዓመት ሌባ የጓዳችንን ግድግዳ ሰርስሮ ገባ። ጥቂት ዕቃ ይዞ ሄደ፤ ያኔ ግን ከዕቃው ይልቅ የእናቴ እንቅልፍ ነው የተሰረቀው። ይህን የሰሙት የማንኪራው ደንበኛችን ጋሽ ወልደሚካኤል በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማራቸውን ሲያመጡ ቡችላ በቅርጫት ይዘውልን መጡ። እናቴ ስሙን "ማን አለብኝ" አለችው። አጥራችንን ገፍቶ የገባ አንድ ጎረቤት ነበረን፤ እሱን ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ማታ ማታ "ማን አለብኝ፣ ና ወዲህ! ማን አለብኝ፣ የሰው ግቢ ምን አስኬደህ!" እያለች ውሻዋን ትጠራለች። ጎረቤቱም ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ ሰላምታውን ቀነሰብን። ማን አለብኝ ካደገ በኋላ እናቴ እንቅልፏ ተመለሰ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ውሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ማውራቴ። ወንድ የሌለበት ግቢያችን የሚጠበቀው በእሱ ነበር፤ ደግሞም እወደው ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ያበደ ውሻ ገበያ መሀል ገብቶ ሰዎች ነከሰ። ከተነከሱት አንዱ አልተረፈም። ከተማው ተሸበረ፤ መሸበሩም አግባብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ወዲያው ትእዛዝ አወጣ፦ ውሻ ቀን ቀን ይታሰር፣ ሳይታሰር የተገኘ ይወገድ፣ ሰው የነከሰ ደግሞ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይገደል። ያ ያበደው ውሻ ቀድሞ ተገድሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፣ እንደዚያው ነው።

በየመንገዱ መርዝ የተቀባ ሥጋ ተበተነ። በማግስቱ የሞቱት ሁላችንም በስም የምናውቃቸው የሰፈራችን ውሾች ነበሩ። ድመትም ሞተ፣ የሞተውን የበሉ አሞሮችም ሞቱ። አቅም ያለው ሰው ውሻውን በከረጢት አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሺሺንዳ ወዳለ ዘመዱ ሰደደ። አቅም የሌለው አሠረ። ነፃ የኖረ ውሻ ከጠዋት እስከ ማታ ሲታሠር ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል፤ ልጆች ያሳደጉት ውሻ ገመዱን በጥሶ እነዚያኑ ልጆች መንከስ ጀመረ። መንደሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ውሾች ከየጫካው ዳር ተሰብስበው ሥጋ ቤቶቹን ከበቡ፤ ጅብም ሃይ የሚለው ሲያጣ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ዘልቆ የሰው አህያ በላ። ሕጉ ያመጣልን ይህን ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ኃላፊ አቶ ግርማ ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የታዘዙትን ከታዘዙት በላይ የሚሠሩ ዓይነት ሰው ነበሩ። መርዙን ያስበተኑት እሳቸው ናቸው፤ ያልታሠረ ውሻ እያደኑ ቤት ለቤት የሚዞሩትም እሳቸው። አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን ማር ስናጣራ ከግቢ ጩኸት ሰማን። ስንወጣ አቶ ግርማ አንድ ቡትስ ጫማቸው ወልቆ ጭቃ ላይ ወድቀዋል፤ ማን አለብኝ ባታቸውን ነክሶ ከፊታቸው ቆሟል።

እናቴ ውሻውን አሠረች፤ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጠበች፤ ከዚያ እሳቸውን ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ድሬሰሩ የእብድ ውሻ በሽታ መርፌውን ያኔውኑ ጀመረ። ያ መርፌ እንዳሁኑ ክንድ ላይ አልነበረም፤ ሆድ ላይ፣ በየቀኑ የሚወጋ ነው። ድሬሰሩ ሲወጋቸው "ውሻውን አትግደሉት፣ አሥራችሁ ተከታተሉት። ደህና ሆኖ ከሰነበተ መርፌውን እናቋርጣለን። ከሞተ ግን እስከ መጨረሻው መወጋት አለብዎት" አላቸው። አቶ ግርማ ሕመሙም ንዴቱም ይዟቸው ስለነበር አልሰሙትም። እኔ ግን ሰማሁት።

በማግስቱ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከተማው ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር፤ እርጥብ ጋቢና እርጥብ ጃንጥላ አዳራሹን አፍኖታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ብዙ አልደከሙም።

"ጉዳዩ ግልጽ ነው" አሉ። "ውሻው አልታሠረም፤ ሰው ነክሷል። ዛሬውኑ ይወገዳል። አስተያየት ያለው አለ?"

እናቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ትጠቀልላለች። እኔ ተነሣሁ። ድምፄም፣ እግዜር ይስጠው፣ አልከዳኝም።

"አቶ ግርማን አንድ ነገር ልጠይቅ። ግቢያችን ሲገቡ 'ቤቶች' ብለው ተጣርተዋል?"

አቶ ግርማ ተቆጡ። "እንዴት ብዬ ነው ቤቶች የምለው? ካልኩማ ወዲያው ታሥሩታላችሁ። እኔ የመጣሁት ያልታሠረ ለመያዝ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ አገር ሰው አጥር አጠገብ ቆሞ "ቤቶች" ይላል፤ "ውሻ ያዙልኝ" ይላል፤ ባለቤት እስኪወጣ ይጠብቃል። ውሻም ቢሆን በዚህ ነው ወዳጅና ሌባ የሚለየው። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ኃላፊውን እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ የሚያስገባ ሕግ አውጥቶ፣ ውሻው እንደ ሌባ ስላስተናገደው ሊገድለው ነው።

ጋሽ ወልደሚካኤል ከኋላ ተነሡ። "ልጄ ግርማ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ሳይጠራ ግቢዬ የገባ ሰው፣ ውሻ ባይኖረኝ እኔ ራሴ እነክሳለሁ" አሉ። ሳቁ እንደገና ቀለጠ።

ሊቀመንበሩ ግን ጠረጴዛውን መቱ። "ሕጉ ስለ ቤቶች የሚለው ነገር የለም። የነከሰ ይገደላል ነው የሚለው።" ሳቁ በአንዴ ጠፋ። ሰው ወንበሩን እየገፋ ለመሄድ ሲነሣ አየሁ። ማን አለብኝ አለቀለት አልኩ በልቤ።

"እሺ፣ ይገደል" አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ግን አቶ ግርማ ትናንት ድሬሰሩ ያላቸውን ያስታውሱ። ውሻው በሕይወት ቆይቶ ደህና ከሆነ መርፌው ይቋረጣል። ዛሬ ከገደልነው ግን ማበዱን ወይ ጤነኛ መሆኑን የሚነግረን የለም። መርፌው እስከ መጨረሻው ነው። ሆዳቸው ላይ።"

አቶ ግርማ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ሆዳቸው ሄደ። ስብሰባው ላይ ወደ ነበረው የከተማው የከብት ሐኪም ዞር አሉ፤ እሱም ልክ ናት ሲል ራሱን ነቀነቀ።

"ክቡር ሊቀመንበር" አሉ አቶ ግርማ ቀስ ብለው። "ውሻው ለጊዜው ይቆይ።"

"ይቆይ ማለት?"

"በሕይወት ይቆይ።"

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም፤ ባሌ ይህን አንብቦ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቲያትር ነው። አቶ ግርማ በየማለዳው እያነከሱ መጥተው ከአጥራችን ውጭ ይቆማሉ። "ቤቶች! ቤቶች! ውሻ ያዙ!" ሰፈሩ ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ነበር የሚነቃው። እናቴ ስትወጣ የእሷን ደህንነት ሳይጠይቁ "ማን አለብኝ እንዴት አደረ? በላ? ውሃ ጠጣ?" ይላሉ። እናቴም "እሱ ደህና ነው፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?" ትላለች፤ ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። መርዝ ሲያስበትኑ የነበሩት ሰው ከሥጋ ቤት ቅልጥም እየገዙ ያመጡለት ጀመር። አንድ ቀን ውሻው ቅልጥሙን አሽትቶ ተወው። አቶ ግርማ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያማትባሉ። ኋላ ነው ማታ ገመዱን አላልቶ ከተጣለው የማር ሰፈፍ ጠግቦ ማደሩ የታወቀው። ከሰዓት በኋላ ሲበላ እስኪያዩ ድረስ ከግቢያችን ንቅንቅ አላሉም፤ ምሳም ከእኛው ጋር በሉ።

የከብት ሐኪሙ ውሻው ጤነኛ ነው ብሎ ሲመሰክር መርፌው ቆመ። አቶ ግርማ ያን ዕለት ማን አለብኝን ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቱን ዳበሱት። በየማለዳው ሲመላለሱ ከሐኪሙ ብዙ ጠይቀው፣ ብዙ አስበው ኖሯል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ።

"መርዙን ያስበተንኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የገደልነው የሚያውቁንን ውሾች ነው፤ በቦታቸው የመጡት የማያውቁን ናቸው። ለመርዝና ለሥጋ የምናወጣውን ለክትባት እናውለው።"

ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩም አጨበጨቡ፤ ምን ያድርጉ።

የክትባቱ ዕለት ገበያው አጠገብ ያለው ሜዳ በሰውና በውሻ ተሞላ። የሺሺንዳው አውቶቡስ ሲደርስ ከጣሪያው ላይ ከረጢቶች ወረዱ፤ ከየከረጢቱ ተሰደው የነበሩት ውሾች እየዘለሉ ወጡ፤ ልጆች ከውሾቻቸው ጋር መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ሴቶች እልል አሉ። የመጀመሪያው ተከታቢ ማን አለብኝ ነበር። ጭንቅላቱን የያዙለት አቶ ግርማ ናቸው። የተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሠረለት። ከዚያ ወዲያ ጅቡ ከወፍጮ ቤቱ ራቀ። ያበደ ውሻ ጨርሶ አልመጣም ብዬ አልዋሽም፤ አንድ ጊዜ መጥቷል። ቀይ ጨርቅ ካሠሩት ግን አንድም አላበደም። ማን አለብኝም አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ በእናቴ እጅ ቆጮ እየጎረሰ ነው የሞተው።

ትዕግሥት ይህን ሰምታ "ታዲያ ሕግ አያስፈልግም ትያለሽ?" አለችኝ። እንዴት አያስፈልግም። በውሻ የተነከሰ ሕፃን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ውሻውን መንገድ ላይ ለቆ ሰው የሚያስነክስ ባለቤት መጠየቅ አለበት። እኔን የሚያናድደኝ በሌላው ላይ ብቻ የሚያርፍ ሕግ ነው። ያን ጊዜ ውሾቹ ሲረግፉ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ቆም ብሎ ይህ ነገር ይጠቅማል ወይ ብሎ የጠየቀ ኃላፊ አልነበረም። ጥያቄው የተጠየቀው መርፌው በአንዱ ኃላፊ ሆድ ላይ ሲያርፍ ነው። አቶ ግርማን የማከብራቸው መርፌው ከቆመላቸው በኋላም መጠየቃቸውን ስላላቆሙ ነው።

ነገ አዳራሹ ውስጥ የማውቀው ፊት ብዙ ላይኖር ይችላል፤ እነሱም አያውቁኝም። አንዲት አሮጊት ስለ ውሻ ልትናገር ተነሣች ብለው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። ሲጨርሱ እጀምራለሁ።