በእውነተኛ ስሟ የጻፍኩት ደብዳቤ

እህቴ ዓረብ አገር የሄደችው በሌላ ስምና በሰባት ዓመት ጭማሪ ዕድሜ ነው። ደላላው የከተማችን ገበያ ፈረስ መጋላ ካለ ፎቶ ቤት ፀጉሯን በሻሽ አስሸፍኖ አስነሳት፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ልጅ የሃያ ስድስት ዓመት ሙስሊም ሴት አድርጎ ፓስፖርት አወጣላት። ያኔ ብዙዎቹ እንዲህ ነበር የሚሄዱት። እናቴ ግን ስሟ በመቀየሩ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች።

በሁለተኛው ዓመት አሠሪዋ ተናድዳ የፈላ ዘይት ቀኝ እጇ ላይ ደፋችባት። አምልጣ ፖሊስ ጣቢያ ገባችና ከሰሰች። እዚያ አገር ሠራተኛ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷ ያበቃል። ለእሷ ግን ክሱ እስኪታይ የሦስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጧት። በዚያ ፈቃድ መጠለያ ውስጥ ታድራለች፣ ሆስፒታል ትመላለሳለች። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ጣቶቿ እንደማይዘረጉ ሐኪሙ ነግሯት ቀጠሮ ይዞላታል። ፈቃዱ ከተሰረዘ ሕክምናውም ቀረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ደወለች። «ጋሼ፣ ጠበቃው የቤተሰብ ማስረጃ ከቀበሌ ይምጣ ብሏል፤ ቶሎ በልልኝ» ስትል ካርዷ አልቆ ተቋረጠ።

እኔ ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማህተም ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ የምል ዓይነት ሰው። በሰፈራችን በፈላና በር አጠገብ ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም እናት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ዓረብ አገር ስለላኩ ነገሩን ያውቁታል። ደብዳቤ ላስጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው ደነገጡ።

«ወላሂ፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ካልሆነ ትጎዳታለህ» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ! ፍርድ ቤት ፊት ውሸት ይቀርባል እንዴ?»

«ውሸቱማ ቀድሞ ሄዷል፣ ልጄ። አሁን የሷን እጅ አስብ።»

እናቴ ከእኔ ጋር ወገነች። ቤተ ክርስቲያን የምታስጸልይላት በክርስትና ስሟ ነው፤ በሰው ስም ስትካሰስ እግዜር የማን ልጅ ብሎ ይፍረድላት? ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ሥራ በዝቶበት ስለነበር ደብዳቤውን እኔው አረቀቅሁለት፤ እውነተኛ ስሟን፣ እውነተኛ ዕድሜዋን፣ የአባታችንን ስም። እሱ ማህተም መታበት። የክርስትና ካርዷንም አባሪ አድርጌ ላክሁ። በዚያ ቀን ኮርቼ ወደ ቤት መግባቴን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

ደብዳቤው ፍርድ ቤት ቀርቦ የአሠሪዋ ጠበቃ ሲያየው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ከሳሿ በሐሰት ሰነድ የገባች ናት አለ። ክሱ ተዘጋ፣ ፈቃዷ ተሰረዘ። ለቀዶ ጥገናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወደ አገሯ መለሷት።

አውቶቡስ ተራ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀኙን ሻርፗ ውስጥ ሸጉጣዋለች፤ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ደርቀዋል። በግራዋ መብላት ነውር ሆኖባት ምግብ ስለምትተው፣ እናቴ ታጎርሳት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ያን ደብዳቤ ማን ነው የጻፈው?»

እናቴ አቀርቅራ ጉርሻ መጠቅለል ቀጠለች።

«የቀበሌው ጸሐፊ ነው» አልኩ። «ተሳስቶ።»

«ምን ያድርግ፣ አላወቀ» አለችና ለሚቀጥለው ጉርሻ አፏን ከፈተች።