በማሽኑ ውሃ የታጠበው ሰው

ሆሴዕ ሰላም ሲል እጁን አይሰጥም፤ የእጁን አንጓ ነው የሚያቀብለው። «እጄ እርጥብ ነው» ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁ አልደረቀለትም! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጃጁራ ገበያ ዘመድ ሲያገኝ፣ ሁልጊዜ ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ወደ ፊት ይሰዳል። ሰውም ሥራ የበዛበት ትጉህ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሙሉ እጁን የሚሰጠው ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር፣ አብራው ለምትሠራው ለእታለም። እሷም ጠዋት ስትገባ በሰፊ መዳፏ ጭብጥ ታደርገውና «እንዴት አደርክ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

የሚሠሩት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ከየሆቴሉና ከየግቢው ሽንት ቤት የመጠጡ ቦቴ መኪኖች እዚያ ይገለብጣሉ። ሰው ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ የማይጥለው ነገር የለም፤ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የፀጉር ቅጥያ፣ አንዴ እንዲያውም ሙሉ ከረባት ከነቋጠሮው። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የብረት ወንፊት ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ሆሴዕ ማሽን ይወርዳል። ማሽኑ ውሃ እየረጨ ያሸዋል፣ ዓይነ ምድሩን አጥቦ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ቀጥሎ አንድ ጠመዝማዛ ብረት የቀረውን ጠባብ ቧንቧ ውስጥ እየገፋ፣ ልክ ቆጮ እንደሚጨመቅ ጭምቅ ያደርገውና ደረቅ ጥቅል አድርጎ በወዲያ በኩል ያወጣዋል። እሱን እታለም በከረጢት ትቀበላለች። በደንብ ታጥቦ የተጨመቀ ብዙም አይሸትም።

ሆሴዕ ይህን ማሽን ድምፁን ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደከበደው ይነግራችኋል። ጎበዝ ነው። ግን ማን ይወቅለት? ለሰው ሁሉ «ውሃ ላይ ነው የምሠራው» ብሎ ስለነበር፣ ሰፈሩ የመጠጥ ውሃ የሚያከፋፍል ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጎረቤት መጥቶ «ኧረ ሆሴዕ፣ ልቀቁልን እንጂ!» ይለዋል። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንነጋገርበታለን» ይላል።

እንዲህ እያለ ሲኖር፣ ልጁን ቤቴልን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከዳምቦያ ሊመጡ ሆነ። ቤቴል የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ ፎንቆ ከተማ አስተማሪ ናት። እጮኛዋን ትወደዋለች፣ ሆሴዕም ይወደዋል። የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ «የዚያ የሰገራ አጣቢ» እንዳይባልና ነገሩ በእሱ ምክንያት እንዳይፈርስ። ሽማግሌ ሲላክ ሰው ምን ያህል እንደሚጠያየቅ ታውቁት የለ!

ቅዳሜ ጠዋት ሆሴዕ ተረኛ ነበር። እንግዶቹ የሚደርሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቤት ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ፤ በጀሪካን የመጣችው ለምግቡ እንኳ አልበቃችም። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሽኑ የሚረጨው ንጹህ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ጥቁር ሮቶ ሄደ፣ የክፍሉን በር ቆለፈና ቱቦውን በራሱ ላይ ለቀቀው። በሳሙና ታጠበ። እጁን አሸተተ። ደገመ። አሁንም አሸተተ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ቆዳው እስኪላጥ ፈተገ። ወይ ጉድ! አንዳች ሽታ አልነበረበትም እኮ። ሲጨርስ ሮቶው ውስጥ የቀረው ሁለት ባልዲ ቢሞላ ነው። አይቶታል። «ከሰዓት ይሞላል» ብሎ ራሱን ሸነገለ፣ ሱፉን ለበሰ፣ እታለምን «ማሽኑን አደራ» አላት። ስለ ውሃው ግን ትንፍሽ አላለም። መንገድ ላይ ስልኩንም ዘጋው።

ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው። መሪያቸው የእጮኛዋ አጎት አቶ ሽብሩ፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ወፍራም ገበሬ። ሆሴዕ እንዳስለመደው አንጓውን ሲያቀብላቸው፣ አንጓውን ትተው መዳፉን ፈልገው ያዙት።

«እኛ መሬት ስንቆፍር የምንውል ሰዎች ነን፣ እጅ አንመርጥም» አሉ ሳቅ ብለው።

የሆሴዕ ልብ ትንሽ አረፈ። ሚስቱ ገነቴ ቅቤ የጠጣውን የቡላ ምግብ፣ አታካና፣ ይዛ ገባች። ተጸለየ። ቡላው ገና ከአፍ ሳይደርስ በሩ ተንኳኳ።

እታለም ነበረች። ቦቲዋን እንዳደረገች፣ ቱታዋ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ከማጣሪያው ድረስ ስትሮጥ የመጣች። ሽታው ቀድሟት ገባ።

«ሆሴዕ! ስልክህ እኮ አይሠራም! ማሽኑ ታፍኗል፤ ውሃ የለውም። ሳይታጠብ እየገፋው ቧንቧው ውስጥ ደርቆ ቀረ። ወንፊቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ ሁለት ቦቴ ቆሞ ይጠብቃል!»

ሁሉም ዞረው ሆሴዕን አዩት። ክው አለ። ከዚያ አፉ ያልታሰበ ነገር አወጣ።

«እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?»

በስሙ ጠርታው እኮ ነው! እታለም መጀመሪያ የቀለደ መሰላትና ፈገግ አለች። ቀጥሎ ሱፉን አየች፤ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ገበታውን አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለች። በሩንም ራሷ በቀስታ ዘጋችው።

«የማዘጋጃ ሴትዮ ትሆናለች፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት እኮ አንዳንዴ እንዲህ ይሳሳታሉ» አለ ሆሴዕ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አቶ ሽብሩ ሁለት ጊዜ ቀምሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የመጡበትን ነገር ሳያነሡም ብድግ አሉ።

«አቶ ሆሴዕ፣ የዛሬ ሳምንት እንመለሳለን» አሉ በር ላይ። «ያቺ ሴት እዚህ ገበታ ላይ ካገኘናት ስለ ልጆቹ እንነጋገራለን።»

እነሱ እንደወጡ ቤቴል ፊቷ በእንባ ርሶ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አባ፣ ምን ነካህ? የት እንደምትሠራ እኮ ያውቃሉ። አምና ነው የነገርኳቸው። አቶ ሽብሩ ‹የሰው ጉድ አጥቦ ልጅ ያስተማረ ሰው› ብለው ወደውህ ነበር።»

ነበር! ሆሴዕ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አራቱም እያወቁ፣ ገበታው ዙሪያ ተቀምጠው፣ ሲዋሽ ሰምተውታል።

ሱፉን ሳይቀይር ወደ ማጣሪያው ሮጠ። እታለም ኤሌክትሪኩን አጥፍታ፣ የማሽኑን ክዳን ከፍታ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ ቧንቧው ውስጥ ከታ የደረቀውን በእጇ እየቦጨቀች ታወጣለች። የምትታጠብበት ጠብታ ውሃ የለም። ሆሴዕ ኮቱን ጥሎ አጠገቧ ተንበረከከ። ዘወር አላለችም። ግን የሳሙናው ሽታ ደረሳት፤ ቀና ብላ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ባዶውን ሮቶ አየች። ተመልሳ ክንዷን ቧንቧው ውስጥ ከተተች። ብትሰድበው ምናለ! በያዘችው ቆሻሻ ፊቱን ብትለው ምናለ! ጎን ለጎን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጎተቱ።

«እታለም» አላት በመጨረሻ። «የዛሬ ሳምንት ቤት ነይልኝ። ስለ ቤቴል ስትይ።»

«ምን ብዬ ልምጣ? ቤት ተሳስቼ?» አለችው።

መጣች ግን። ቤቴልን ከተማሪነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ለእሷ ስትል መጣች። ነጭ ሻሽ አስራ ስትገባ አቶ ሽብሩ ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ሆሴዕ ከገበታው ፊት ቆመ። ላብ አጥምቆታል።

«ይህች እታለም ትባላለች» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ይህን ከተማ አጥበናል። ያን ቀን ቤት አልተሳሳተችም። ውሃውን ለራሴ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አላውቅሽም ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«በሉ እንብላ» አሉ አቶ ሽብሩ፤ ከአንድ ገበታም ተበላ። ነገሩ አልቆ ሠርጉ ከአዲስ ዓመቱ ከያሆዴ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ሆነም፤ እታለምም ከቤተ ዘመድ ጋር ተቀምጣ በላች።

ዛሬ ሆሴዕ ለሰው ሁሉ ሙሉ እጁን ይሰጣል። ሥራውን ሲጠይቁትም እያላበው ይናገራል። እታለም አላኮረፈችውም፤ ታወራዋለች፣ ምሳዋንም ታካፍለዋለች። ጠዋት ስትገባ ግን እጁን ሲዘረጋላት፣ ጣቶቿን አጥፋ የእጇን አንጓ ታቀብለዋለች።

«እጄ እርጥብ ነው» ትለዋለች።

ሆሴዕ አንጓዋን ይዞ ወደ ታች ያያል። እጇ ደረቅ ነው።