የሰረቀም የፋቀም

ባሌ ዓምደ ሚካኤል ቂመኛ ነው። እኔም አልሻልም፤ ግን የኔ ቂም አፌ ላይ ያልቃል፣ የሱ ሆዱ ውስጥ ይከርማል።

አሜሪካ፣ ኦበርን ውስጥ በአናጢነቱ እንጂ በዚህ አያውቁትም። የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ በእጃቸው የጻፉትን ገድል ለደብራቸው ሰጥተው ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስማቸውና ግዝቱ ሰፍሯል፦ «የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን።» አንድ የከተማ ሰው «ላስጠግነው» ብሎ ወሰደው። በኋላ መጽሐፉ ነጋዴ እጅ ተገኘ፣ የመሪጌታ ስም በምላጭ ተፍቆ። መሪጌታ ይህን ሰምተው ዓመት በሕይወት አልቆዩም። ንስሐ አባታችን ቄስ አክሊሉ «ያን ሰው ይቅር ካላልህ አትቆርብም» ካሉት በ1996 ዓ.ም. ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያልኩ እነዘንዘዋለሁ።

አሠሪው ከአውሮፓ አሮጌ ዕቃ እያስመጣ ለሬስቶራንትና ለሀብታም ቤት የሚሸጥ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ማክሰኞ ከፈረንሳይ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የወጣ ረጅም አግዳሚ ወንበር መጣ። መደገፊያው ላይ የመንደሩ ስምና የአሥራ አንድ ሰው ስም ተቀርጿል።

«ይሄን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ሳንድ አድርገህ አጥፋው» አለው አሠሪው።

ባሌ «ኦኬ» አለ። አሠሪው ምሳ ሲወጣ ስሞቹ ላይ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ አሸት አሸት አደረገ፤ ፊደሉ ሁሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ሙጫው አልደረቀም፣ ነገ እንጨቱ ረጥቧል እያለ ወንበሩን ጥግ አቆየው።

ቤት ሲገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የተማርኩት ከፈረንሳይ ካቶሊክ ሲስተሮች ዘንድ ነው።

«ተናኘ፣ ያን ፈረንሳይኛሽን አውጪው።»

«ሥራህን ታጣለህ» አልኩት።

«ልጣ።»

ለመንደሩ ከንቲባ ጻፍኩ። ሃያ ዓመት ያልጻፍኩበት ቋንቋ ነው፣ ግን እልህ ያስታውሳል። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ወንበሩ ከአምስት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያናቸው ተሰርቋል፤ ከአሥራ አንዱ ስም አንዱ የከንቲባዋ አያት ስም ነው። ለፖሊስ አመልክተዋል።

ፖሊስ ሲገባ ባሌ እንጨት ይልግ ነበር። ወንበሩን ከሌላ ስድስት ዕቃ ጋር ጭነው ሄዱ። አሠሪው የፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና ከረመ፣ ወርክሾፑም በፋሲካ ሰሞን ተዘጋ።

በመጨረሻው ቀን አሠሪው ማን እንደጠቆመበት ገብቶት «ምን በደልኩህ? ያበላሁህ እኔ» አለው።

«እጄን የሰው አባት ስም ፋቅ ብለህ አዘዝከው» አለና መሮውን ሰብስቦ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሥራ ፈቶ ቤት ተቀምጦም ደስ አለኝ። ያን ሳምንት ዶሮ ሠራሁ።

ከወር በኋላ ከመንደሩ ፎቶ ተላከልን። ወንበሩ ቦታው ላይ ነው፤ አራት አሮጊቶች ተቀምጠውበታል። ባሌ ብዙ አየው። አሁንስ ቂሙ ወጣለት ብዬ፣ «እንግዲህ እሑድ ለቄስ አክሊሉ ይቅር ብያለሁ በላቸውና እንቁረብ» አልኩት።

ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰካው።

«ይሄ የነሱ ነው» አለኝ። «የኔ ሰውዬ፣ የአባቴን መጽሐፍ የወሰደው፣ ገና አልተነካም። ቨርጂኒያ ገብቷል አሉ፤ አድራሻውን አግኝቻለሁ። ቁጭ በይና ጻፊለት። የት እንዳለ እንደማውቅ ይወቅ።»

ስለ ቁርባኑ ደግሜ ላነሳበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መሪጌታ ትዝ አሉኝና እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳሁ።