ከይበልጣል ላፕቶፕ የመጣው «ልቀጥል?»

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ቢቸና ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አውጥቼ ሳየው ክው አልኩ። የይበልጣል ስም... የይበልጣል ፎቶ... «ልቀጥል?» ይላል።

ይበልጣልን የቀበርነው ሐሙስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይበልጣል ሞጣ አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነበር። ለማስተርሱ፣ የከተማው የውሃ ፓምፕ በየሰዓቱ ምን ያህል ቢገፋ እንደሚሻል የሚፈልግ ፕሮግራም እየሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት ባንዴ አይፈታም፤ ኮምፒውተሩ እየሞከረ፣ በየእርምጃው ትንሽ እያሻሻለ ነው መልሱ ጋ የሚደርሰው። እኔ ደግሞ ኮልባክ የሚሏትን ጻፍኩለት፤ ስሌቱ በየእርምጃው ቆም ብሎ የሚጠራት ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ ማለት ናት። የደረሰበትን ቁጥር ለሁለታችንም ስልክ ትልክና «ልቀጥል?» ብላ ትጠይቃለች። መልስ እስኪመጣ ንቅንቅ የለም። ስሙንና ፎቶውን የለጠፈባት ራሱ ነው፣ ለቀልድ።

ላፕቶፑን ሞጣ ቤቱ እንደከፈተው ትቶ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ቢቸና ተሳፈረ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተገለበጠ። በቃ። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር መልእክቱ እሁድ ሲለቀቅ ገባ።

እናቱ እማማ ስመኝ አጠገቤ ነበሩ። ፎቶውን አዩት።

«ይቤ ነው?»

«አይደለም እማማ... ኮምፒውተሩ ነው። ጀምሮት የመጣው ሥራ ነው፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ታዲያ ምን ዝም ትለዋለህ? ቀጥል በለው እንጂ!»

«ቀጥል» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ልቀጥል?» አለ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ሲያለቅሱ የሰነበቱት ሴትዮ ፊታቸው በራ። «አየህ፣ ይሰማል!» አሉኝ። ከዚያ በኋላማ ስልኬን ከእጃቸው ማን ይቀበላቸው! ሰው በገባ ቁጥር «የልጄ ሥራ እየሄደ ነው» ይላሉ።

እኔ ግን በትከሻቸው በኩል ቁጥሮቹን አያለሁ። በየእርምጃው ያለው ልዩነት እያነሰ፣ እያነሰ... መልሱ ጋ ሊደርስ ነው። ሲደርስ ደግሞ «ጨረስኩ» ብሎ ይዘጋል። ይቺንም ቃል የጻፍኳት እኔው ነኝ። አምላኬ፣ እኚህ እናት ከልጃቸው ፎቶ ሥር «ጨረስኩ» የሚል እንዴት ያነባሉ?

«ኔትወርክ ጠፋ፣ እማማ» ብዬ ስልኩን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሞጣ ስመለስ ላፕቶፑን ክዳኑን ሳልዘጋ፣ ሙሉ እንስራ እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቅኩ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ላፕቶፑ ከጠፋ ስሌቱም አብሮ ይጠፋል፤ አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪው እስኪመለስ ይበቃው ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ።

እማማ ስመኝ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ።

«መለስክለት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው።»

ውሸቴን ነው፤ አልመለስኩለትም። ፓምፑም እንደልማዱ ይግፋ፣ ማስተርሱም ይቅር... አንዴ «ቀጥል» ካልኩት ያልቃል።